የመከነ መርፌ

«እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ» አለ ጎኝ፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ። የለቅሶው ዳቦ ፍርፋሪ አገጩ ላይ ተለጥፏል። ኛዱዋል አየችውና አፏን ምሬት ሞላው። የባሏ ወንድም ነው። እሷ ልጇን ኛጆክን በኩፍኝ ከቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው።

«የኛጆክ እናት፣ ሻይ ቅመሺ እንጂ።» ኩባያውን ሲያቀርብላት ከጠርዙ ዝንብ ተነሣ። አልተቀበለችውም።

የኛጆክ እናት! ኛጆክ የአምስት ዓመት ለፍላፊ ነበረች፤ ለዶሮ ሁሉ ስም የምታወጣ፣ ጎኝንም ፊት ለፊት «ሆዳሙ አጎቴ» የምትል። ክትባት በተሰጠ ሰሞን እያለቀሰች ገባች፦ «የተከተቡት ሁሉ ጥፍራቸውን ሐምራዊ ቀለም ተቀብተዋል፤ የኔስ?»

ኛዱዋል ነበረች የከለከለቻት። ቤተ ክርስቲያን በተጠራው ስብሰባ ላይ ነርሷ ሶልያና በአማርኛ፣ «አትፍሩ፣ መርፌው ሁሉ የመከነ ነው» አለች። ከጀርም የጸዳ ነው ማለቷ ነው። አስተርጓሚው ጎኝ ግን በቋንቋቸው «መርፌው ያመክናል» ብሎ አቀበላቸው። የገዛ ልጁን መካን የሚያደርግ ማን አለ? ሴቶቹ ልጆቻቸውን አንጠልጥለው ወጡ፤ ኛዱዋልም ከፊት ነበረች።

ዛሬ ሶልያና የክትባት ሳጥኗን በር ላይ አስቀምጣ ለለቅሶ ገባች። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብላ አጠገቧ ተቀመጠችና፣ ኛዱዋል ጭን ላይ ያለውን ሕፃን ልጇን ቦትን እያየች አንሾካሾከች፦ «ቦትስ ተከትቧል?»

ጎኝ ሰማ። «እባክሽ ሲስተር፣ ለቅሶ ቤት መርፌ አይወራም!»

ይህን ጊዜ የጎኝ ሴት ልጅ ዳቦ ልታነሣ እጇን ዘረጋች። የትንሿ ጣቷ ጥፍር ሐምራዊ ነው። ኛዱዋል የልጅቷን ጣት ያዘች።

«ይቺ ተከትባለች።»

ጎኝ ስንጥሩን ጣለ። «ኋላ ነው የገባኝ… ሲስተርን ጠይቄ። ቃሉ ነው ያሳሳተኝ። ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ…»

«እና የራስህን ልጆች ብቻ ወሰድክ?»

ኛዱዋል አጥሩ ሥር ሄዳ አስመለሰች። አፏን ጠርጋ ተመለሰች።

«ሲስተር፣ ሳጥንሽን ክፈቺ።»

«ኧረ በለቅሶ! ምን ይባላል?» አለች አንዷ አሮጊት።

«የሚባለው ተብሎ አልቋል፣ እማማ።»

ቦት ሲወጋ ግቢውን በጩኸት ሞላው። ኛዱዋል ክንዱን ወደ አፏ አስጠግታ እፍ፣ እፍ ትልበት ጀመር፤ ልጁ ዝም ካለም በኋላ አላቆመችም።