የዘይኑ ሸበጥ

«እስቲ ኑርሁሴን፣ ስለ ሟቹ ስለ ዘይኑ አንተ ንገረን። አብራችሁ አይደል የሮጣችሁት?» አሉ ሸህ በሺር።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ኑርሁሴን ከጧት ጀምሮ አንድ ሥራ ብቻ ነበረው፤ ለቀስተኛ መቁጠር። ከኮምቦልቻ ሁለት አውቶቡስ ሙሉ፣ ከኩታበር ገበሬዎች፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር እዚህ ሆጤ ሰፈር ድረስ መጥቷል። እኔ ብሞት ግማሹም አይመጣም ብሎ አሰበና በራሱ አፈረ። ማፈሩ ግን ቅናቱን አልቀነሰለትም።

«ዘይኑልአቢዲን አስሩንም ይችል ነበር» አለ። «ሩጫው፣ ዝላዩ፣ ውርወራው፤ በሁለት ቀን አስር ውድድር! አራት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን ሆኗል።»

«አንተስ?» አሉት አንድ ሽማግሌ።

«ሁለተኛ።»

«አራቱንም?»

«አራቱንም።»

አንዱ ሳቅ አመለጠውና አፉን በጋቢው ሸፈነ።

ሸህ በሺር ዱዓ ከማድረጋቸው በፊት፣ «ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በሟች የተቀየመ ካለ ለአላህ ብሎ ዐፉ ይበለው» አሉ።

«ዐፉ ብለናል!» አለ ድንኳኑ።

የኑርሁሴን አፍ ብቻ አልተከፈተም። ዘይኑ ምን በድሎት ነው ዐፉ የሚለው? የበደለስ ራሱ ኑርሁሴን ነው።

በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በርዝመት ዝላይ ላይ ነበር። ለእያንዳንዱ ሦስት ሙከራ ይሰጣል፤ ዘይኑ ሁለቱን የመነሻ ጣውላውን እያለፈ አበላሽቷል። ሦስተኛውንም ካበላሸ ነጥቡ ዜሮ ነው፤ ሻምፒዮንነቱም ለኑርሁሴን። ዘይኑ መንደርደር የሚጀምርበትን ቦታ በግራ እግር ሸበጡ ነበር የሚያመለክተው። ውሃ ሊጠጣ ዞር ሲል ኑርሁሴን ሸበጡን በእግሩ አንድ ጫማ ያህል ወደፊት፣ ወደ ጣውላው ገፋው፤ ከዚያ ከተነሣ ጣውላውን ዳግም ማለፉ አይቀርም።

ዘይኑ ተመለሰ፤ ሸበጡን አየ፤ ተንደረደረ። ከጣውላው ብዙ ቀድሞ ዘለለ። ዝላዩ አጭር ቢሆንም ተቆጠረለት። በመጨረሻው ሩጫ ጉድለቱን አካካሰና እንደ ልማዱ አሸነፈ። አላየኝም እያለ ኑርሁሴን ስምንት ዓመት ራሱን ሲያጽናና ኖረ።

ዱዓው ሲያበቃ ወደ ጓዳ ገባ። የዘይኑ ባለቤት መዲና መደብ ላይ ተቀምጣለች።

«መዲና፣ ዘይኑን አንድ ነገር በድየዋለሁ። ሳልነግረው...»

«የሸበጡን ነው?» አለችው።

አጠገቧ ተቀመጠ።

«ያውቅ ኖሯል?»

«ስትገፋው አይቶሃል። ‹ብመልሰው ዳኛው ማን ነካው ይለኛል፤ ወላሂ መዋሸት አልችልም፤ ኑርሁሴን ዕድሜ ልኩን ይታገዳል፤ ከጣውላው ቀድሜ ብዘል ይሻላል አልኩ› ብሎ አጫውቶኛል። ያን ለታውኑ ዐፉ ብሎሃል፣ ወንድሜ።»

መጀመሪያ የመጣበት እንባ ሳይሆን ንዴት ነበር። በዚህም ቀደመኝ! ኑርሁሴን ሲያታልል ዘይኑ ይቅር ሲል፣ እዚህም ሁለተኛ። ሊሰድበው ፈለገ። ከዚያ የሚሰድበው ሰው እንደሌለ፣ ከእንግዲህም የሚቀድመው እንደማይኖር ገባውና እንባው መጣ።

ሲወጣ የዘይኑ ሸበጥ እንዳወለቀው በሩ ሥር ነበር፤ መዲና ለማንሣት አልሆነላትም። የለቀስተኛው እግር ግራውን ወደፊት ገፍቶታል። ኑርሁሴን ተንበረከከ። ሸበጡን አንድ ጫማ ያህል ወደ ኋላ መለሰና ከቀኙ ጎን አስተካከለው። እጁን ከላዩ ሳያነሣ ብዙ ቆየ።