ከዝርዝሩ የወጣችው ቃል

ካርቶን ፋብሪካው ውስጥ ሥራዬ ማስተርጎም ነበር። ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ ስላስተማርኩ ሠራተኞቹ «ቲቸር» ይሉኛል። ማሽኖቹን የተከለው መሐንዲስ የውጭ አገር ሰው ነው። ከአፉ የሚወጣው ሁሉ በእኔ በኩል ያልፋል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነበር እንጂ።

አንድ ሰኞ ወረቀት ሰጠኝ።

«አደጋ ሲመጣ አንቺን ፍለጋ አልሮጥም። ማሽን እንዲቆም ስፈልግ የምጮኸውን ቃል ሁሉ አስተምሪልኝ» አለ።

ወረቀቱ ላይ ስድስት ቃላት ነበሩ፤ ስቶፕ፣ ሃልት፣ ኢንድ፣ ፊኒሽ፣ ሸት ዳውን፣ ኪል።

ከምሳ በኋላ ሠራተኞቹን ሰብስቤ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው። «ኪል»ን ትቼ አምስቱን ብቻ። በእነሱ ቋንቋ ሞተር ማጥፋትም «መግደል» እንደሚባል ማስረዳቱ ታከተኝ። ደግሞ ጥርሱ የሚባል ሠራተኛ አለ። ሳቅ ስለማይለየው ነው ጥርሱ የተባለው፤ «ኪል» ብል ክፍሉን እንደሚበጠብጠው አውቃለሁ። በአምስቱም አልማረኝም።

«ቲቸር፣ ለማቆም ብቻ አምስት ቃል? እነዚህ ሰዎች የጀመሩትን ጨርሰው አያውቁም ማለት ነው!»

ሁሉም ሳቀ። እኔም እየሳቅኩ «ስድስቱንም አስተምሬአለሁ» የሚለው ቅጽ ላይ ፈረምኩ።

የትልቁ ሮለር ካቦ የጥርሱ ታላቅ ወንድም ነው። አባታቸው ሲሞት እንደ አባት ሆኖ ያሳደገው እሱ ነበር። ጥርሱ በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ «ጋሼ» ነው የሚለው።

ሐሙስ ጠዋት ካቦውና መሐንዲሱ ተጣሉ። የሮለሩ መከለያ ብረት ለጥገና ተፈቶ ሄዷል። ካቦው «ያለ መከለያ አላስነሳም» አለ፤ መሐንዲሱ «ዛሬ መድረስ ያለበት ሥራ አለ» አለ። ቃላቸው እየጋለ ሄዶ መሐንዲሱ ካቦውን ደረቱ ላይ ገፈተረው።

ጥርሱ ያን ቀን አልሳቀም።

«ቲቸር፣ ጋሼን ሁለተኛ ከነካ እጁን እሰብረዋለሁ በይልኝ።»

አልነገርኩትም። ካቦውም ሥራውን እንዳያጣ ፈርቶ ማሽኑን አስነሳ።

ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም፤ ሮለሩ የካቦውን እጅጌ ያዘው። ጣቶቹ ገቡ፣ ቀጥሎ አንጓው። ጩኸቱ ከማሽኑ ድምፅ በላይ ወጣ። በወዲያኛው በኩል ካርቶኑ ቀልቶ መውጣት ጀመረ።

የማሽኑ ቀይ ማጥፊያ ቁልፍ ጥርሱ ከቆመበት ሁለት እርምጃ ብቻ ይርቃል። መሐንዲሱ ከማዶ እየሮጠ፣ ጣቱን ወደ ማሽኑ ቀስሮ ጮኸበት።

«ኪል ኢት! ኪል ኢት!»

ጥርሱ ይቺን ቃል ከፊልም ያውቃታል። ጠዋት ወንድሙን የገፈተረው ሰው አሁን ጣቱን ወደ ወንድሙ ቀስሮ «ግደለው» ይላል። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ከመሣሪያ ሳጥኑ ክንድ የሚያክል መፍቻ መዘዘ።

«ማሽኑን ነው! ማሽኑን አጥፋ ነው የሚልህ!»

አልሰማኝም። የመጀመሪያው ምት የመሐንዲሱን መንጋጋ ሰበረው። ሁለተኛው ዓይኑ ላይ አረፈ። ከወደቀ በኋላም ደገመው፣ ሠለሰው። እነሱን ትቼ ወደ ማጥፊያው ሮጥኩ፤ ደሙ አዳልጦኝ በጉልበቴ ወደቅኩ፤ ተነስቼ በቡጢ መታሁት። ሮለሩ ሲቆም ካቦው እስከ ብብቱ ገብቶ ነበር።

ነፍሱን አልሳተም። አንገቱን አዙሮ ወንድሙን አየው።

«አንተ፣ ምን አደረግህ? ሊያድነኝ እኮ ነው!»

መፍቻው ከጥርሱ እጅ ወደቀ። ጥበቃዎቹ በዱላ ጭንቅላቱን ሲሉት እጁን እንኳ አላነሳም።

ካቦው ቀኝ ክንዱን ከትከሻው አጣ። መሐንዲሱ አንድ ዓይኑ ጠፋ፤ መንጋጋው በሽቦ ታሰረ። ጥርሱ በመግደል ሙከራ ተከሰሰ። የፋብሪካው ጠበቃ ቢሮው ጠርቶኝ ፊርማዬን አሳየኝ። «ቃሏን አስተምረሻቸዋል። እያወቀ ነው የመታው። ይህንኑ ትናገሪያለሽ» አለኝ።

በችሎቱ ቀን ዳኛዋ ስትጠይቀኝ፣ «አምስቱን ነው ያስተማርኩት። ፊርማዬ ውሸት ነው» አልኩ። እዚያው ቀን ከሥራ ተባረርኩ። ጥርሱን አሥራ አምስት ዓመት ይጠብቀው ነበር፤ አራት ተፈረደበት።

ይቅርታ ልጠይቅ ካቦው ቤት ሄድኩ። ሚስቱ በሩን ገርበብ አድርጋ «ደግሞ ምን ቀረሽ?» አለችኝ። እሱ ከውስጥ «አስገቢያት» አላት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሸሚዙን በአንድ እጁ ለመቆለፍ ይታገላል።

«ካቦ፣ ክንድህን የበላሁት እኔ ነኝ።»

«ክንዴን የበላው መከለያ የሌለው ማሽን ነው» አለኝ ቀና ሳይል። «አንቺ የበላሽው ወንድሜን ነው።»

ሸሚዙን መቆለፉን ትቶ፣ «እስር ቤት ልጠይቀው ስሄድ አልወጣም ይላል። እንዴት ብሎ ፊቴን ይየው? እስቲ አንቺ ሞክሪው። ጋሼ አልተቀየመህም በይው» አለኝ።

እሁድ ሄድኩ። ጥርሱ ከሽቦው ወዲያ ቆመ፤ ከስቶ ጉንጩ ገብቷል። መልእክቱን ነገርኩት። ሽቦውን ይዞ መሬት መሬቱን አየ።

«በግራው መብላት ለመደ?»

«ለምዷል። ሸሚዙን መቆለፍ ነው ያቃተው።»

«ሚስቱ አትቆልፍለትም?»

«እምቢ ይላታል።»

«ድሮም ግትር ነው» አለና በክንዱ ዓይኑን ጠረገ። «በሚቀጥለው ይምጣ በይው። እወጣለሁ።»