የጋሊና መርዶ

ስልኩ ሲጮህ ምስጋናው አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ቆሞ ነበር። አጠገቡ ካሮል፣ ከአሜሪካ የመጡት ጡረተኛ መምህርት፣ የጋሊናን ስም በትልቁ የጻፉበትን ካርቶን ደረታቸው ላይ ይዘው እንደ ሕፃን ይቁነጠነጣሉ።

«ካርቶኑ ለሳቅ ነው፤ እሷማ መች ታጣኛለች» አሉት።

ጋሊና የሳይቤሪያ ሰው ናቸው። ድሮ የሁለቱ ሴቶች ከተሞች እህትማማች ተባብለው ተማሪ ሲለዋወጡ በዚያው ተዋወቁ፤ የጋሊናን ልጅ ካሮል ቤታቸው አስቀምጠው አስተምረዋል። የጋሊና አገር ጎረቤቱን ወርሮ ጦርነት ሲመጣ የካሮል ከተማ ውሉን ቀደደ፤ መንገድ ዳር የነበረውንም የእህትማማችነት ታፔላ አስነቀለ። «ከተሞቹ ተፋቱ እንጂ እኛ መች ተፋታን!» ይላሉ ካሮል። አንዷ ወደ ሌላዋ አገር መሄዱ ቢቸግራቸው ጎንደር ሊገናኙ ተቃጠሩ። አስጎብኚው ምስጋናው ፀዳ ያለውን የአክስቱን ቤት አዘጋጀላቸው።

የደወለችው የጋሊና ልጅ ቬራ ነበረች። «እናቴ ሻንጣዋን ስትዘጋ ወድቃ ሞተች። ነገ ጠዋት እንቀብራለን። ለካሮል አንተ ንገርልኝ፤ እኔ አልቻልኩም። ትደውልልኝ በላት።»

ምስጋናው ካሮልን አያቸው። ከነጋ እህል አልቀመሱም፤ አጠገባቸው ዘመድ የለ። በእሱ አገር መርዶ እንዲህ መንገድ ላይ አይወረወርም። ሐዘንተኛው በልቶ እስኪያድር፣ ዘመድ ጎረቤት እስኪሰበሰብ ይደበቅና ሲነጋ ያረዱታል። በባዶ ሆዳቸው ነግሬያቸው ቢወድቁብኝስ? አለ በልቡ።

«ማነው?» አሉ ካሮል።

«አየር መንገዱ ነው። እንግዳዋ ነገ ነው የሚገቡት አሉ።»

ቤት ሲደርሱ አክስቱን እንኳየሁን ጓዳ ወስዶ ነገራት። አፏን በነጠላዋ አፈነች። «ሸጋ አደረግህ ዝም ማለትህ! አደራህን፣ ፊትህ እንዳይነግርብህ። ቀኑን ሙሉ ሳቅ።»

ሳቀ። ካሮል ዶሮውን አጣጥመው በሉ፤ የጋሊናን አልጋ በእጃቸው አነጠፉ። እንኳየሁ የነገረቻቸው ጎረቤቶች ስኳር ልንበደር ነው እያሉ ብቅ ይሉና፣ ካሮልን አይተው፣ ደጅ ወጥተው ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

«ይህ ሰፈር ሁሉ ስኳር ጨርሷል እንዴ?» ብለው ሳቁ ካሮል።

ጎሕ ሲቀድ ግቢው በሰው ሞላ። ነጠላው ሁሉ ተዘቅዝቋል። ካሮል ኮቴ ሰምተው፣ ከንፈራቸውን ቀለም ተቀብተው፣ «ጋሊና!» እያሉ በሩን በረገዱት።

ከፊት የቆሙት የሰፈሩ ሽማግሌ አያ ሰውአገኝ ናቸው። «እመት ካሮል፣ ይቻሉት። እህትዎ ዐርፈዋል።»

ምስጋናው ተረጎመ። ሳይጨርስ ሴቶቹ ዋይታውን ለቀቁት።

ካሮል አላለቀሱም። ወደ ምስጋናው ዞሩ። «አንተ መቼ ሰማህ?»

«ትናንት። አውሮፕላን ማረፊያ።»

«አልጋዋን ሳነጥፍ ቆመህ እያየኸኝ?»

«በእኛ ባህል...»

«ሌላስ ማን ያውቅ ነበር?»

ምስጋናው ግቢውን አየ። ካሮልም አብረው አዩ፤ ስኳር ተበዳሪዎቹ ሁሉ እዚያ ቆመው ያለቅሳሉ። እንኳየሁ ልታቅፋቸው ብትጠጋ ወደ ኋላ ሸሹ።

«ቀብሩስ?»

«ዛሬ ጠዋት ነው። ይደውሉልኝ ብላለች ቬራ።» ይህን ሲናገር ገና ነቃ፤ ሳይቤሪያ ከጎንደር ቀድሞ ይነጋል!

ካሮል ስልኩን ከእጁ ነጥቀው ደወሉ። ቬራ በምስል ብቅ አለች። በረዶ ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋ አፈሩ ተመልሷል። አንድ ቄስና ቆፋሪዎቹ ብቻ ናቸው ያሉት።

«አለቀ ካሮል» አለች። «ጠብቄሽ ነበር። ሰውም አልመጣ፤ የአሜሪካኖች ወዳጅ ብለው ሸሽተዋት ነበር።» ወዲያው ዋይታው ተሰማት። «እነማን ናቸው?»

ካሮል ስልኩን ወደ ግቢው አዞሩት። «አላውቃቸውም። ለእናትሽ ነው የሚያለቅሱት።»

ቬራ አፏን በጓንቷ ያዘች። አያ ሰውአገኝ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው «እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ» አሏት። ትርጉም አልጠየቀችም፤ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ካሮልም ያን ጊዜ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። ሴቶቹ ከበቧቸው፤ አሁን ካሮል አልሸሹም።

ስልኩ ግን በእጃቸው ዞሮ ምስጋናው ፊት ላይ ቆመ።

«ይሄ ነው» አሉ ካሮል፣ «ስትጠብቂኝ እንዳልደውልልሽ ያደረገኝ።»

ቬራ አየችው። ምስጋናው ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አላት።