ዋጋው በውስጥ መስመር

ኢንተርኔት ላይ ከወጣው የመዝገብ መያዣ ሶፍትዌር ማስታወቂያ ሥር ዋጋ የጠየቀው ሰው ለአንድ ሰርግ ይበቃል። «ስንት ነው?» ይላል አንዱ። «ዋጋ?» ይላል ሌላው። ለሁሉም መልሱ አንድ ነው፤ «በውስጥ መስመር ያነጋግሩን።» ፈትሂያ ከልቡ የጠየቀ ሰው ይነገረዋል ብላ የምታምን ሴት ናትና በውስጥ መስመር ገባች። ይኸው ሁለት ወር ሊሆናት ነው፤ እስካሁን አልወጣችም።

ፈትሂያ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚቀባበርበት የፍላቂት ቅሬ ጸሐፊ ናት። ሰው ሲሞት ድንኳኑን የምታስወጣው፣ መዋጮ የከፈለውንና ያልከፈለውን የምትለየው፣ ከለቅሶ የቀረውን የምታስቀጣው እሷ ናት። ባሏ ሲሞት ሥራውን «ለጊዜው ያዢልን» ብለው ሰጧት፤ ያ ጊዜ አላልቅ አለ። ልቀቁኝ ባለች ቁጥር ያመሰግኗታል፤ በቅሬ ቋንቋ ምስጋና ማለት እምቢ ማለት ነው።

ደሴ ያለችው ልጇ ሰአዳ ሁለቴ ስትወልድ እናቷ አልደረሰችላትም። በመጀመሪያው ከቅሬው አንድ ሰው ሞተ፣ በሁለተኛው ደግሞ ሁለት። አሁን ሦስተኛውን ልትወልድ ነው፤ ሐኪሙም ደም ግፊት አለብሽ ብሏታል። «እማዬ፣ ይኼን እንኳ ከጎኔ ሁኝልኝ» ብላ ስትደውል ፈትሂያ ስለ ገብስ አወራቻት። ስልኩን ከዘጋች በኋላ አፈረች።

ባለሱቁ መሐመድኑር «መዝገቡን ኮምፒውተር ውስጥ ካስገባችሁት እኔ እይዘዋለሁ» ሲል ደስታዋ ወሰን አጣ። ቅሬውም አልተቃወመም። ግን በቅሬ ሸንጎ የአንዲት መጥረጊያ ዋጋ እንኳ ጮክ ተብሎ ሳይነበብ እጅ አይወጣም። የሶፍትዌሩ ዋጋ ከተነገረ ይወሰናል፣ ከተወሰነ መሐመድኑር ይረከባል፣ ከተረከበ ፈትሂያ ደሴ ትሄዳለች። የቀረው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር።

ያን ቁጥር ይዟል የተባለው ምስጋና የሚባል የአዲስ አበባ ሻጭ ነው፤ ምላሱ ማር ነው። «እናቴ፣ መጀመሪያ ፍላጎታችሁን እንረዳ» አላት። አስረዳችው። «እንግዲያው ዴሞ እናሳያችሁ» አለ። ዴሞ ማለት ማሳያ መሆኑን ተማረች። በተቀጠሩበት ቀን መብራት ጠፋ፤ በሌላው ቀን ኔትወርክ ሄደ፤ ኋላ ግን አየችው። ማለፊያ ነው፤ ማን ከፈለ ቢሉት ዓይን ሳይጨፈን ይናገራል።

«ስንት ነው ታዲያ?» አለችው።

«እሱ እንደ ፓኬጁ ነው፣ እናቴ።»

«ፓኬጁስ?»

«እንደ ደንበኛው አቅም። ለመሆኑ ባንክ ያላችሁ ስንት ይሆናል?»

«እሱ ይቆየን» አለችው። የቅሬ ገንዘብ ልክ ለውጭ ሰው አይነገርም፤ ማኅበርተኛው ሁሉ የማለበት ነገር ነው። ገንዘቡ ከታወቀ ተበዳሪውም ሌባውም በሩን አያጣውም። ከዚያ በኋላ እሷ ስትደውል እሱ ስብሰባ ላይ ነው፤ እሱ ሲደውል እሷ ለቅሶ ላይ ናት። የፍላቂት የበግ ነጋዴ እንኳ፣ ያ በመሐላ የሚኖረው፣ መጀመሪያ ዋጋ ይጠራል። ትቀንሺበታለሽ፣ ይምላል፣ ጥለሽው ትሄጃለሽ፣ ይጠራሻል። ሳይጠራልሽ ኪስሽን የሚጠይቅ ግን ምን ይባላል? ፈትሂያ መናደድ እንኳ ሰለቻት።

አንድ ቀን ምስጋና ለሆቴሎች ሊሸጥ ላሊበላ መምጣቱን ጻፈላት። የቅሬው ዳኛ ቄስ ከፋለ ይህን ሲሰሙ ተነቃቁ።

«ስልክ ነው ያባለገው» አሉ። «ሽማግሌ እንላክበት።»

«ልጅ እንደሚጠየቅ ነው፣ አባ?»

«አዎ! ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ሲለምኑት ጨክኖ አይመልስም።»

እሳቸው፣ የቅሬው ሽማግሌ ሸህ አብዱልሀሚድና ፈትሂያ ሚኒባስ ተሳፍረው በጋሸና በኩል ላሊበላ ገቡ። ምስጋናን ያገኙት ከአንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ላፕቶፑን ከፍቶ ነው። ደንግጦ ተነሳ፤ ወንበር ሳበ፤ ሻይ አዘዘ።

«አባቶች፣ ቁጭ በሉ እንጂ!»

«የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ሸህ አብዱልሀሚድ። ሻዩ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ቀዘቀዘ። ከወዲያ ማዶ የተቀመጡ ፈረንጆች ቀና ብለው ያዩአቸው ጀመር።

ቄስ ከፋለ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተናገሩ። «ልጄ፣ እኛ ለድኻውም ለሀብታሙም የምንተክለው ያንኑ ድንኳን ነው። ለእገሌ ይህን ያህል፣ ለእገሊት ያን ያህል የሚባል አናውቅም። የዕቃህን ዋጋ ንገረን።»

ምስጋና አንገቱን ደፋ። «እውነቱን ልንገርዎት አባቴ? እኔም አላውቀውም።»

«የምትሸጠውን?»

«የሚቆርጠው አለቃዬ ነው። የደንበኛውን አቅም ያይና…»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ!» አሉ ሸሁ። «ይህችን ሴት ሁለት ወር ሙሉ ያመላለስካት የማታውቀውን ልትነግራት ነው?»

ልጁ ላብ አጠመቀው፤ ክፉ ልጅም አልነበረም። እዚያው ቆሞ ለአለቃው ደወለና ሁሉም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገው። አለቃው ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንኳ አልሰማም።

«ስንት አላቸው? እሱን ሳናውቅ ዋጋ አንሰጥም በላቸው። ሰኞ እንደውልላቸዋለን።»

ሰኞ። ፈትሂያ ከዚህ በፊት ስንት ሰኞ አሳልፋለች። ሰኞ ሌላ ሰኞ ይወልዳል፤ እስከዚያ ሰአዳም ትወልዳለች። አስባ አልነበረም፤ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ፣ በሸንጎ ቆማ ሒሳብ እንደምታሰማው፣ የቅሬውን ገንዘብ እስከ ሳንቲሙ ተናገረችው።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ሸህ አብዱልሀሚድ ክንዷን ሊይዙ እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ አልደረሱም።

ከወዲያኛው ጫፍ የኮምፒውተር ቁልፍ መነካካት ተሰማ። ከዚያ የአለቃው ድምፅ ለሰለሰ፤ ሁለት ወር የተደበቀው ዋጋም ወጣ። ተከፍሎ የሚተርፈው ገንዘብ የድንኳኑን ቀዳዳ ለመጣፍ ቢበቃ ነው። አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው ማለት ይኸው ነው።

«ለእናንተ በልዩ ሁኔታ የተደረገ ነው» አለ አለቃው።

ዋጋው ተነገረ፤ እንደ ወጉ አሁን መቀመጥ ይቻላል። የተቀመጠ ግን አልነበረም። ቄስ ከፋለ ልጁን «እግዜር ይስጥልን» ብለው ወደ መናኸሪያው መሩ። ፍላቂት ሲወርዱ ቄሱ ቆም አሉ።

«ያደከምንሽ እኛ ነን፣ ፈትሂያ። ግን በጆሮዬ የሰማሁትን አልሰማሁም ማለት አልችልም።»

«አውቃለሁ አባ። እኔው እናገራለሁ።»

እሁድ ቅሬው ሲሰበሰብ ራሷ ቆማ ተናገረች። ስለ ሶፍትዌሩ የጠየቀ አልነበረም። ከጸሐፊነት ትነሳ የሚል እጅ ያውጣ ሲባል መጀመሪያ ማንም ማንንም አላየም፤ ከዚያ አንድ እጅ ወጣ፣ ሌላም፣ በመጨረሻ ሁሉም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ፤ እጃቸውን ግን አላወረዱም። መዝገቡን ማን ይረከባል ሲባል መሐመድኑር መሬት መሬት እያየ ተነሳና ተቀበላት። ያለ ምንም ኮምፒውተር፣ እንዳለ፣ ከነአቧራው። ይኼ ነው ያንገበገባት፤ ከቅጣቱ ይልቅ የነገሩ ቅለት። ስንት ዓመት ለምና ያጣችው ነገር አንድ ሻይ ለመጠጣት የሚፈጀውን ጊዜ እንኳ አልፈጀም።

ቤቷ ገብታ ለሰአዳ ደወለች።

«ነገ ደሴ ነኝ» አለቻት።

«እልልል! አልሐምዱሊላህ! ፈቀዱልሽ?»

«ፈቀዱልኝ።»

«ስንት ቀን ፈቀዱልሽ፣ እማዬ?»

ፈትሂያ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ እስኪወጣላት ድረስ አለቀሰች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገችና «እስከፈለግሽ ድረስ» አለቻት።