የማዋያ ዋጋ

ሸዋአየሁ ጠጠር መሸከም የጀመረችው በአምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ጣሊያን ለሹማምንቱ ቤት በሚያሠራበት፣ ሠራተኛው ካዛንቺስ ማለት በጀመረው ሜዳ ላይ፣ ከሴቶቹ ጋር ተሰልፋ ጠጠሩን ሲሚንቶ እስከሚቦካበት ድረስ በቅርጫት ስታመላልስ ትውላለች። ልጇ ጽገረዳ እዚያው ሰፈር፣ ተሠርቶ ካለቀው ቤት በአንደኛው፣ የአንዲት ሲኞራ ልብስ ታጥባለች። የጽገረዳ ባል ለመንገድ ሥራ በካሚዮን ተጭኖ ከሄደ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል፤ ወሬውም የለ። እንግዲህ ሁለቱ ሴቶች ካልሠሩ የቤት ኪራዩም የለም፣ ሽሮውም የለም። ሁለቱም ከሠሩ ደግሞ ብርቄን የሚይዝ የለም። ብርቄ የጽገረዳ ልጅ ናት፤ ገና ሦስት ዓመቷ።

ያልሞከሩት አልነበረም። ሸዋአየሁ አንድ ሰሞን አዝላት ወጣች። ካቦው፣ አጥናፉ የሚሉት፣ ወገቡን ይዞ ሳቀባት።

«ጀርባሽን ለልጅ ካከራየሽው ለጠጠሩ ምን ተረፈሽ?»

አውርዳ ከጠጠሩ ክምር ጥግ ብታስቀምጣት፣ ወደ ኋላ የሚመጣ ካሚዮን ለጥቂት ሳታት። ጽገረዳ በተራዋ ከማጠቢያው ገንዳ ኋላ ደበቀቻት። ሲኞራይቱ አገኘቻት። አልጮኸችም፤ ብርቄ የነካችውን ሳሙና በሁለት ጣቷ አንስታ ጣለችና በሩን አሳየች። በማግስቱ ጽገረዳ ብቻዋን ስትመጣ አስገባቻት።

የቄስ ትምህርት ቤቱስ? ሸዋአየሁ እጇን ይዛ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ፊደል ከሚያስቆጥሩት የኔታ ወልደአማኑኤል ዘንድ ወሰደቻት።

«ቀኝ እጇን በአናቷ አዙራ ግራ ጆሮዋን ትንካ» አሉ የኔታ።

ብርቄ እጇን ሰቀለች። ጣቶቿ አናቷ ላይ ቀሩ።

«ትንሽ ነው እኮ የቀራት የኔታ!»

«የቀራትን ስታድግ ትሞላዋለች። ስትመጣም ባዶ እጅሽን እንዳትመጪ፣ በየቅዳሜው አንድ ዳቦና አንድ ቁና ጥሬ ነው። እኔም ሆድ አለኝ።»

እናም አስካለ ብቻ ቀረች።

አስካለ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለች አንዲት ክፍል ዘጠኝ ልጅ ታውላለች። ዋጋዋ የሸዋአየሁን የቀን ሂሳብ እኩሌታ ነው፤ ይኸውም ያለ ምግብ፣ ያለ ውኃ። ልጆቹን በጨርቅ ቅዳጅ እግራቸውን ከአልጋው ቋሚ ጋር ታስራቸዋለች። ይህን አልደበቀችም። «ምድጃው እዚህ፣ ጉድጓዱ እዚያ፤ ባላስራቸው ማታ ስትመጡ ምናቸውን ላስረክባችሁ?» ትላለች። ሸዋአየሁ የመጀመሪያውን ሳምንት የታሰረውን ቁርጭምጭሚት ማታ ማታ በቅቤ እያሸች አለቀሰች። ሁለተኛውን ሳምንት አሸች እንጂ አላለቀሰችም።

አንድ ቀን ማታ ብርቄ ጠጉሯ ተላጭቶ፣ እንደ ወንድ ልጅ ከፊቷ ቁንጮ ብቻ ተትቶላት ጠበቀቻት።

«ምነው አስካለ! ሴት ልጅ እኮ ናት!»

«ቅማል ነው እማማ ሸዋዬ። ለዘጠኙ ሁሉ ከምታስተላልፍብኝ ብዬ ነው። ደግሞ ያምርባታል፤ አያዩም?»

ከዚያ ደግሞ ጭኗ ላይ ምስር ምስር የሚያክሉ ጥቋቁር ምልክቶች ወጡ። ሸዋአየሁ በኩራዝ አስጠግታ አየቻቸው፤ ጥፍር ናቸው።

«ማነው የነካሽ የኔ ዓለም?»

«አልቅሺ» አለች ብርቄ።

«ማ አልቅሺ አለሽ?»

«አልቅሺ፣ አልቅሺ።» ሌላ ቃል አልወጣትም።

በማግስቱ አስካለን ስትጠይቃት፣ «ልጆች አይደሉ፣ ይቆነጣጠጣሉ! እርስዎ ልጅ አላሳደጉም እንዴ?» አለቻት። ሸዋአየሁ አሳድጋለች። ስለዚህ አፏን ያዘች፤ ልቧ ግን አላረፈም።

የጥር ቂርቆስ ዕለት ሲሚንቶ የሚያመጣው ካሚዮን ሳይመጣ ቀረና አጥናፉ ሴቶቹን በጠዋት በተናቸው። ሸዋአየሁ የቀኑን ሂሳብ ማጣቷ ቢያንገበግባትም፣ «ቢያንስ ተሳልሜ ልጄን በጊዜ ልውሰዳት» ብላ ወደ ቂርቆስ ወረደች።

በአጥሩ ሥር ለማኙ ከዳር እስከ ዳር ተኮልኩሏል። ሕፃኑ ቂርቆስ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር የፈላ ውኃ ውስጥ የተጣለው በሦስት ዓመቱ ነውና፣ በዚያ ቀን የሦስት ዓመት ልጅ በታቀፈች ለማኝ ፊት እጁን ሰብስቦ የሚያልፍ ምእመን የለም። የሸዋአየሁም እግር አንዲት አንካሳ ሴት ፊት ቆመ። ሴትዮዋ ቁንጮ ያለው ሕፃን በቡትቶ ጠቅልላ ታቅፋለች፤ ሕፃኑ ፊቱን ደረቷ ውስጥ ቀብሮ ሲቃ እስኪይዘው ያለቅሳል።

«ስለ ሕፃኑ ቂርቆስ፣ ስለ ሦስት ዓመቱ ሰማዕት፣ አባት የሌለው ወንድ ልጅ ነው እመቤቶቼ…»

ሸዋአየሁ ለምሳ የያዘቻትን ቂጣ ከመቀነቷ ፈታ ከሁለት ገመሰችና ጎንበስ ብላ ዘረጋች። አንዲት ትንሽ እጅ ከቡትቶው ወጥታ ቂጣውን መነጨቀች። ሕፃኑ ቀና አለ።

ብርቄ ናት።

ሸዋአየሁ እንደ ጎነበሰች ቀረች። ከኋላዋ የሚጋፋት ሰው «እናትዬ፣ ሰጥተሽ እለፊ እንጂ!» ይላታል።

«ልጄን አምጪ» አለች በመጨረሻ።

«የምን ልጅሽ?» አለች አንካሳዋ፣ ተዋበች ነው ስሟ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። «ቅዳሴ እስኪወጣ ከፍዬባታለሁ። አስካለን ጠይቂ።»

«አምጪ ብያለሁ!»

«ቀስ በይ፣ ሰው እያየ ነው። ጩኺና ልጄ ናት በያቸው እስቲ! ልጇን ያከራየች አያት ብለው እንደሆን በድንጋይ የሚያባርሩሽ አንቺን ነው።»

ሸዋአየሁ ጎትታ ወሰደቻት። ክፉው ነገር ብርቄ ወደ እሷ አልተዘረጋችም፤ በአንድ እጇ ቂጣውን፣ በሌላው የተዋበችን ጨርቅ ጨብጣ ያዘች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረባት።

አስካለ በራፏ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። አልደነገጠችም።

«ታዲያ ምን ሆነች እማማ ሸዋዬ? ሞተች?»

«ልጅ ትሸጫለሽ አንቺ!»

«ማዋል እንጂ መቼ ሸጥኩ? እርስዎ የሚከፍሉኝ ለማዋል ነው። ለምግቧስ ከፍለውኝ ያውቃሉ? ይኸው ሁለት ወር ሙሉ የበላችው ከዚያው ከደጁ ነው። ካልፈለጉ ይውሰዷት። ለገሃር አንዲት አለች፣ ጎበዝ ናት፣ አታስርም፣ ወተትም ትሰጣለች አሉ። የእርስዎን የቀን ሂሳብ ሙሉውን ነው የምትጠይቀው።»

ያን ማታ ሸዋአየሁ ለጽገረዳ ሁሉንም ነገረቻት። ጽገረዳ በሳሙና የተሰነጣጠቁ እጆቿን ጭኗ ላይ አጋድማ ሰማች። የልጇን ቀሚስ ገልባ አየችና መልሳ ሸፈነች።

«ነገ ማን ይይዛታል?» አለች።

«ይህን ሰምተሽ አሁን የምትዪው ይህንን ነው?»

«ምን ልበል እናቴ? ልያዛት ወይስ ላብላት? አንዱን ንገሪኝና እሱን ልሥራ።»

«እኔ እይዛታለሁ» አለች ሸዋአየሁ። ሦስት ቀን ቤት ዋለች። ብርቄን አጠበቻት፣ ፊደል በከሰል መሬት ላይ ጻፈችላት፣ ከጉያዋ አላወጣቻትም። በሦስተኛው ቀን ማታ ሽሮው አለቀ፤ አከራዩም መጣ። በአራተኛው ቀን በጠዋት ብርቄን ለጎረቤቷ ለጀሚላ ለአንድ አፍታ ሰጥታ ወደ ሥራው ሮጠች። ጀሚላ ሰንጋ ተራ ገበያ የምትወጣ ሴት ናትና ከአንድ አፍታ በላይ አትችልም።

«ቅርጫትሽ ሰው አግኝቷል» አላት አጥናፉ።

እግሩ ላይ ወደቀች። ሴቶቹ ጠጠር እንዳዘሉ ቆመው አዩአት። አጥናፉ ብዙ ካስለመናት በኋላ፣ «ነገ ካልመጣሽ ዳግመኛ ፊትሽን እንዳላየው» አለ።

ከዚያ ብርቄን ከጀሚላ ተቀብላ ወደ አስካለ ሄደች። ብርቄ በሩን ስታየው ራሷ እግሯን ለጨርቁ ዘረጋች።

«እሺ» አለች ሸዋአየሁ። «ብቻ አትቆንጥጪብኝ።»

«እኔ መቼ ቆነጠጥኩ? ተዋበች ናት።»

«እሷም እንዳትቆነጥጣት።»

«እማማ ሸዋዬ፣ ያላለቀሰ ልጅ ማን ያያል? ጠግቦ የተኛ ሕፃን አይቶ ከመቀነቱ የሚፈታ ማነው? እርስዎ ራስዎ ቂጣዎን የገመሱት ስትስቅ አይተው ነው?»

ሸዋአየሁ ጎንበስ ብላ የብርቄን እግር አሸች።

«እንዲህ ይሁን» አለች አስካለ፣ እንደ ማዘን ብላ። «ለሚመጣው ወር ቂርቆስ፣ በአሥራ አምስት፣ ጣት ሳይነካት ትሞከር። ባዶዋን ከተመለሰች ግን በዚያው ይውሰዷት። ቦታዋን የሚፈልግ ሞልቷል። ከፋኝ እንዳይሉ ብቻ።»

ያ ወር እንዴት አለፈ? ሸዋአየሁ በየማታው የብርቄን ጭን በኩራዝ እያየች። የጥፍሮቹ ምልክት ደበዘዘ፣ ጠፋ። ደስ ብሏት አያውቅም፤ ቀኑን ትቆጥር ነበር። ብርቄ ጆሮዋን እንድትነካ በየማታው እጇን ትስብላት ነበር። አልደረሰችም።

አሥራ አምስት ሲደርስ፣ በወሩ ቂርቆስ፣ ሥራ ሳትገባ በማለዳ ወደ ቂርቆስ ሄዳ ከአንድ ጽድ ግንድ ኋላ ቆመች። ሰው ሊሳለም ይጎርፋል። ተዋበች ከአጥሩ ሥር ተቀምጣለች፤ ብርቄ ጭኗ ላይ የነጠላውን ክር እየመዘዘች ትጫወታለች። አላለቀሰችም። አንድ ሰው አለፈ። አምስት ሴቶች አለፉ። አንዷ እንደውም «እንዴት ያለ ደስ የሚል ልጅ ነው!» ብላ ጉንጩን ነካ አድርጋ ሄደች፤ የሰጠችው ነገር የለም። አስካለ ከበሩ አጠገብ ቆማ ታያለች። ሸዋአየሁን አየቻትና በባዶ መዳፏ ምልክት ሰጠቻት።

ጊዜው ሄደ። ፀሐይ የአጥሩን ጫፍ ነካች፤ አጥናፉ ስም ሊጠራ ነው። የተዋበች እጅ ቀስ እያለ ከቡትቶው ሥር ወደ ብርቄ ጭን ሲወርድ ሸዋአየሁ አየች።

ከግንዱ ኋላ ወጣች።

«ብርቄ!»

ሕፃኗ ክሩን ጣለች። ፊቷ ሁሉ በራ። ሁለት እጇን ዘረጋች፤ «እማማ!» አለች። ሸዋአየሁ ጣቶቿ እስኪነኳት ድረስ ቀረበች። አንዴ ሳመቻት። ከዚያ ዞራ ሄደች።

የብርቄ ጩኸት ከኋላዋ ተነሣ። እንዲህ ያለ ልቅሶ በቁንጥጫ አይገኝም። «እማማዬ! እማማዬ!» ትላለች፤ ትንፋሿ እየተቆረጠ። ሸዋአየሁ አልዞረችም። የሰዎች እግር ቀጥ ሲል ሰማች፣ አንዲት ሴት «ወይኔ ልጄን፣ አንጀቴን በላው» ስትል ሰማች፣ የሊሬ ሳንቲም ከጣሳ ሲጋጭ ሰማች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ።

አስካለ ከበሩ ማዶ ሮጣ ደረሰችባት።

«አዩ አይደል? ጣት አልነካትም።»

«አይቻለሁ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሃያ አንድ ደግሞ ማርያም ናት፤ ያኔም እንዲሁ በማለዳ ብቅ ካሉልኝ…» አስካለ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከማዋያውም ትንሽ ቀነስ አደርግልዎታለሁ።»

ልቅሶው ገና አልቆመም። ሸዋአየሁ ነጠላዋን ጆሮዋ ድረስ ሳበች።

«እመጣለሁ» አለች። «ብቻ በልታ ትጠብቀኝ።»

ወደ ካዛንቺስም ሽቅብ ሮጠች፤ ስም እየተጠራ ነበር።