ጠዋት የታየው ቤት

ልዑል በርሄ በዚህች ዓለም የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሸወድ። ቸርችል ጎዳና ላይ በከፈታት የመነጽር ሱቅ ውስጥ ጸጉሩ ሸብቷል፤ "እኔን የሚሸውድ ገና አልተወለደም" ማለቱን ግን እስከ ዛሬ አልተወም። ፒያሳ ተወልዶ ፒያሳ ያደገ ሰው ነዋ! ሌላው ቢሸወድ ፋራ ስለሆነ ነው፤ እሱ ከተሸወደ ግን ምን ፊት ይዞ አደባባይ ይወጣል? እንግዲህ ቤት ሊገዛ የተነሣው እንዲህ ያለው ሰው ነው።

ቤቱ ከቸርችል ጎዳና ጀርባ በተሠራ አዲስ ሕንፃ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። ደላላው ገነነ፣ ልዑልንና ሚስቱን ኢየሩስን ይዟቸው የወጣው በመስከረም፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። ገነነ ያንን ቤት ሁልጊዜ የሚያሳየው በጠዋት ነው፤ ለምን ብሎ የጠየቀው ግን የለም። የሳሎኑ አንዱ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ነው። ብርሃኑ ለስላሳ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ፣ ከማዶ የወጨጫ ተራራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በዚያ ሰዓት ያንን ሳሎን አይቶ የማይወድ ሰው አይገኝም።

ልዑል ምርመራውን ጀመረ። ካርታውን አገላብጦ አየ፤ የባንክ ዕዳ እንዳለበት ጠየቀ፤ የውሃ ታንከሩን ለማየት ጣሪያ ድረስ ወጣ፤ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፤ የሽንት ቤቱን ውሃ ሁለት ጊዜ ለቀቀ። ገነነ ከኋላ ከኋላው እየተከተለ "ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ለእኛም አስተማሪ ነዎት" ይለዋል። ልዑልም ይህን በሰማ ቁጥር ደረቱ ይነፋል።

ኢየሩስ ግን ከመስታወቱ አልተንቀሳቀሰችም።

"ይሄ ወደ ፀሐይ መግቢያ ነው አይደል?" አለች። "ለምን ከሰዓት ተመልሰን አናየውም? እዚህ የሚኖሩትንም መብራት በወር ስንት እንደሚመጣባቸው እንጠይቃቸው።"

ገነነ አፉን ሲከፍት ልዑል ቀደመው። "ኢየሩስ፣ የመጣነው ቤት ልንገዛ ነው ወይስ በርበሬ ልናሰጣ?"

ደላላው ተንከተከተ። ኢየሩስ ፊቷ ቀላ። ከቤቱ ዋጋ ግማሹ ከአባቷ ቤት ውርስ የደረሳት ገንዘብ ነው። ግማሹን የሚከፍል ሰው አንድ ጥያቄ እንኳ መጠየቅ አይችልም እንዴ? አልቻለችም። ውሉ በዚያው ሳምንት ተፈረመ።

በጥቅምት ገቡ። ወሩ ሳይወጣ ጉዱ ተገለጠ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ፀሐይ መስታወቱ ላይ ትወጣና እስክትጠልቅ አትለቅም። መስኮቱ የሚከፈተው ሁለት ጣት ያህል ብቻ ስለሆነ ሙቀቱ መውጫ የለውም። ኢየሩስ ለቤተ ክርስቲያን የገዛችው ጧፍ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ እንደ ተቀቀለ ፓስታ ተጣጠፈ። ኅዳር ሲገባ ደግሞ የማታው ብርድ ተጨመረ። ቀን ሲያነድዳቸው የዋለው መስታወት ማታ ሙቀቱን አንጠፍጥፎ ያስወጣዋል፤ ባልና ሚስት ጋቢ ደርበው፣ ካልሲ ላይ ካልሲ አድርገው ቴሌቪዥን ያያሉ። በአንድ ቤት፣ በአንድ ቀን፣ በጋም ክረምትም።

ለቀኑ ኤሲ፣ ለማታው ሂተር መግዛት የግድ ሆነ። የልዑል አብሮ አደግ ካሊድ፣ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አለው። ከእሱ መግዛት ግን የማይታሰብ ነው። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ቢጠይቀው ካሊድ "ምን ዓይነት ቤት ነው የገዛኸው?" ማለቱ አይቀርማ! ስለዚህ ልዑል መርካቶ ወርዶ፣ ከካሊድ ዋጋ ጨምሮ ከፍሎ፣ ካርቶኖቹን ጆንያ አልብሶ እንደ ሰረቀ ሰው ቤቱ አስገባቸው።

ከዚያ የመብራት ሂሳብ መጣ። ፍጆታ ሲጨምር ታሪፉም አብሮ እየወጣ፣ በሁለተኛው ወር የኢየሩስን ደመወዝ እኩሌታ በላው። ከዚያ ወዲያ ኤሲው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የቀረ ጌጥ ሆነ። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ኢየሩስ በርጩማ ይዛ ኮሪደሩ ላይ ትቀመጣለች። ጎረቤት ሲያልፍ ሰው እንደምትጠብቅ ሆና ስልኳን ትነካካለች። በገዛ ቤቷ በር ላይ፣ ፀሐይ ገብታላት ወደ ቤቷ እስክትገባ ትጠብቃለች። ይህን እያየ ባሏ አንድ ቀን እንኳ "ጥፋቱ የኔ ነው" አላላትም።

ይልቅስ ካፌ ተቀምጦ ማኪያቶውን እያማሰለ "ወጨጫን አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ነው የማየው!" ይላል። ሰሚው ሁሉ ይቀናል። ካሊድም ይሰማል።

ካሊድ ከሚስቱ ከረይሀናና ከአራት ዓመት ልጃቸው ከተስኒም ጋር ራስ መኮንን ድልድይ ግርጌ፣ ወንዙ ዳር ተከራይቶ ነው የሚኖረው። ሕፃኗ አስም አለባት። ብርድ ሲነካት ደረቷ ሲያፏጭ ይሰማል፤ ሲሞቃትም ትንፋሽ ያጥራታል። ከዚያ እርጥብ ቤት አውጧት ብሏቸዋል ሐኪሙ። ካሊድ ከአባቱ የወረሳትን ቦታ ሸጦ ቤት ሲያፈላልግ የከረመው ለእሷ ሲል ነው። አንድ ቀን ፊቱ በርቶ ወደ ልዑል ሱቅ መጣ።

"ከአንተ በላይ ያለው ቤት ሊሸጥ ነው፤ ልይዘው ነው" አለ።

ልዑል የሚወለውለው መነጽር ከእጁ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። "አየኸው?"

"ገነነ ጠዋት አሳየኝ። ከሰዓት ደግሜ ላየው አስቤ ነበር፤ ደግሞ ልዑል ያለበትን ቤት ምን አስመረመረኝ አልኩ። አንተ እንደሆንክ ተሸውደህ አታውቅ!"

ልዑል መናገር ነበረበት። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃው ነበር። "እንግዲያው ጎረቤት ሆንና! መብሩክ" አለ።

ማታ ኢየሩስ ይህን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "አልነገርከውም?"

"ምን ብዬ?"

"ቤቱ ቀን ምድጃ፣ ማታ ፍሪጅ ነው በለው! ለመብራት የምንከፍለውን ንገረው። ያቺ ልጅ እዚህ ውስጥ እንዴት ትተነፍሳለች? ቀብድ ሳይከፍል ንገረው፣ ልዑል።"

"ነገ እነግረዋለሁ።"

በነጋታው ልዑል እስከ ካሊድ ሱቅ ድረስ ሄደ፤ ደንበኛ ሞልቶ ነበር፤ ተመለሰ። በማግስቱ ደንበኛ አልነበረም፤ ስለ ኳስ አውርተው ተመለሰ። ቢነግረው ወሬው ፒያሳን ሲዞር ከወዲሁ በጆሮው ይሰማው ነበር፤ "ልዑል በገነነ ተበላ!" ሲሉ፣ ካፌው ሙሉ ሲስቅ። ይህን ከመስማት ሞቱን ይመርጣል።

ኢየሩስ መጠበቅ ሰለቻትና ራሷ ለረይሀና ደወለች። ያለውን ሁሉ ነገረቻት፤ ስለ ሙቀቱም፣ ስለ ብርዱም፣ ስለ ሂሳቡም። ረይሀና እስከ መጨረሻው ሰማቻትና "ኢየሩስ፣ ባልሽ በየካፌው ገነት ነው እያለ፣ ለኛ ሲሆን ሲኦል ሆነ?" አለቻት። "ከላያችሁ መኖራችን ካልተመቻችሁ በግልጽ ንገሩን። በልጄ አታስፈራሪኝ።" ስልኩ ተዘጋ። ኢየሩስ ያን ቀን ያለቀሰችው በረይሀና ተናዳ አልነበረም።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የልዑል ስልክ ጠራ። ሳሎን ነበሩ። ጆሮው ስላላበው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ስፒከር ላይ አደረገው። ካሊድ ነው።

"ልዑል፣ ባንክ በር ላይ ነኝ። ሻጩም አጠገቤ አለ፤ ቀብዱን ላስገባለት ነው። ግን ረይሀና ደሟ ፈልቷል። ኢየሩስ ቤቱ አያኖርም አለችኝ ትላለች። እውነት ነው? ሌላ ሰው አልጠይቅም። አንተ ተው ካልከኝ አሁኑኑ እተወዋለሁ።"

ኢየሩስ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች፤ አንገቷ ላይ በውሃ የነከረችው ፎጣ አለ። አልተቆጣችም። እንዲያውም በተጋቡ ሰሞን እንደምታየው አድርጋ፣ ተስፋ አድርጋበት ታየዋለች። "እውነት ነው" ብቻ እንዲል ነበር የምትጠብቀው። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ ላቡ ቅንድቡን አልፎ ዓይኑ ውስጥ ገብቷል። አፉን ከፈተ። ገነነ ሲንከተከት ታየው፤ ካፌው ሙሉ ሰው ወደ እሱ ዞሮ ታየው።

"ኢየሩስን ታውቃት የለ" አለ ልዑል። "ሙቀት ትንሽም አትችልም። ቤቱ ምንም አይልም።"

ካሊድ በረጅሙ ተነፈሰ። "አልሐምዱሊላህ! እኔማ አውቄ ነበር። ለተስኒም ስል ነው እንጂ አንተን አልጠራጠርም ነበር። በል ላስገባለት።"

ስልኩ ተዘጋ። ልዑል ቀና ብሎ ሚስቱን ማየት አልቻለም። ግንባሩን በእጁ ጠርጎ "ኧረ ሙቀቱ..." አለ።

ኢየሩስ ፎጣውን ከአንገቷ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጫማዋን አደረገች፤ ቦርሳዋን አነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

"ከዛሬ ጀምሮ" አለችው፣ "ሲሞቅህም ሲበርድህም ለእኔ አትንገረኝ።"