ፌንጣን የሚጠራት ሰው

ሊፍት ጠጋኙ በሥራው ዕድለኛ ነው። የሚፈልጋቸው ሰዎች ያሉበት ቦታ ሁልጊዜ ይታወቃል፤ በሁለት ፎቅ መካከል ተንጠልጥለው፣ ገና የመፍቻ ሳጥኑ ሲንቋቋ ሲሰሙ «እዚህ ነን፣ እዚህ ነን» እያሉ ሳይጠሩ አቤት የሚሉ ሰዎች ናቸው። ጠርቶት ዝም ያለው ሰው በዕድሜው አልገጠመውም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል፣ በዚያ ቅዳሜ በአሮጌው የአትክልት ስፍራ ውስጥ ታናሽ ልጁን ደጋግሞ ጠርቶ ድምጿን ሲያጣ መጀመሪያ የተሰማው ነገር ኩራት የነበረው።

«ጎበዝ ሆናለች» አላት ለትልቋ።

ትልቋ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ከድንጋይ አንበሳው ሥር የተለጠፈውን ጽሑፍ እያነበበች ነበርና ቀና አላለችም። «እማዬ ዛሬ ድብብቆሽ የለም ብላ ነበር» አለችው። ያለችውም ልታሳጣው አልነበረም፤ የተባለ ነገር እንደተባለ ይታወቅ ብላ ነው።

እውነቷን ነው፤ እናትየው ብላለች። ደም መርማሪ ናት፤ የዚያን ቀን ተረኛ ስለሆነች ልጆቹን ለብቻው ይዟቸው ሲወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ ዛሬ ድብብቆሽ የለም፣ ዛፍ አሳያቸው፣ አበባ አሳያቸው፣ መልሰህ አምጣቸው አለችው። እሱም እሺ አለ። እሺ ማለት ለእሱ ቁልፍ እንደ መጫን ነው፤ ሊፍቱ መጣ አልመጣ ሌላ ጉዳይ ነው።

የአትክልት ስፍራው ነገር ራሱ የመጣው ከእሷ ነው። ልጆች በእረፍት ቀን ቤት ተዘግተው ግድግዳ ከሚቧጥጡ የድሮ ሰዎች የተከሉትን ቢያዩ አእምሯቸው ይሰፋል አለች። ስለዚህ ቤተሰቡ በየሳምንቱ አንዱን አሮጌ ግቢ ይዞራል። እናትየው ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ እየሄደች ማን እንደተከለው፣ ለማን እንደተከለው፣ የተከለላት ሴት ወዳው እንደሆነና እንዳልሆነ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነባለች። ይሄኛውን ያስተከለችው አንዲት ባለጸጋ ነበረች ይባላል፤ አጥሩን ከሰው ቁመት በላይ እያስከረከመች በውስጡ ጠመዝማዛ መንገድ ያሠራችው ባሏ በቀላሉ እንዳያገኛት ነው። ትልቋ ይህን ሁሉ ትሸመድዳለች። ሊፍት ጠጋኙ ግን የሞተ ሰው ከተከለው ዛፍና በሕይወት ያለ ሰው ከተከለው ዛፍ ልዩነቱ አልታየው አለ። ታናሿም ሦስተኛው ጽሑፍ ላይ ሲደርሱ መሬት ላይ ትዘረጋለች። እግሯ ረጅም፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንላት ናትና ፌንጣ ነው የሚሏት።

ለፌንጣ ሲል ድብብቆሹን አመጣ። ሕጉም የእሱ ነበር፦ ተደብቆ ስሙ ሲጠራ ድምፅ ያሰማ ተሸነፈ። እዚህ ድረስ ማንም አባት የሚያደርገው ነው። ችግሩ ሊፍት ጠጋኙ መሸነፍ አይወድም፤ አሸናፊው የስድስት ዓመት ልጅ ብትሆንም አይወድም።

በመጀመሪያ «ጨዋታው አልቋል፣ ወደ ቤት ልንሄድ ነው» ብሎ ተጣራ። ወጣች። ያዛት። አለቀሰች። እሱም እንባዋን እየጠረገ፣ ሁለተኛ የሰማሽውን ሁሉ እንዳታምኚ ብሎ መከራት፤ እንደ ትልቅ የአባት ምክር ነበር የቆጠረው። በሌላ ሳምንት «እግሬ ተሰበረ» ብሎ አቃሰተ። ከዚያ «በቃ ተሸነፍኩ» አለ። ከዚያ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ አለቀሰ። ከዚያ ትልቋን በከረሜላ አግባብቶ «እማዬ ትጠራሻለች» አስባላት። ባለፈው ወር ደግሞ እዚሁ ግቢ ዘበኛውን ለምኖ በድምፅ ማጉያ አስጠራት። እያንዳንዱ ብልሃት የሠራው አንዴ ብቻ ነው። የማጉያው ግን አንዴም አልሠራም፤ ፌንጣ ከነጭራሹ አልወጣችም፤ ራሱ ፈልጎ እስኪያገኛት ትንፍሽ አላለችም። እሱም ትከሻው ላይ አውጥቶ በግቢው አዞራት፤ ተማሪዬ አለፈችኝ እያለ።

እናትየው ይህን ስትሰማ አልሳቀችም። «የልጅ ጆሮ ሊፍት አይደለም» አለችው። «አንዴ ከተበላሸ የሚጠግነው የለም።»

አሁን የመዝጊያው ደወል ተደወለ። ሰዎች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወደ በሩ ወጡ። ሊፍት ጠጋኙ በጠመዝማዛው መንገድ ገብቶ ወጣ፤ ደግሞ ገባ። ሰው ሠራሹን ዋሻ በስልኩ መብራት አየ፤ አንድ ድመት መብራቱን ንቃው ፊቷን አዞረች። «ፌንጣ፣ በቃ፣ ተሸነፍኩ» አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ያገለገለ ቃል መሆኑ ተሰማው። «የእውነቴን ነው» ጨመረበት። ይህንንም ባለፈው ብሎታል።

ኩራቱ የት እንደገባ አላወቀም።

ዘበኛው ቁልፋቸውን እያንሿሹ መጡ። ፊታቸው ቀልድ ገብቶበት የማያውቅ ሽማግሌ ናቸው። የሆነውን በጥሞና ሰሙትና፣ እንደ ባለፈው ነው ወይስ የምር ጠፍታ ነው ብለው ጠየቁት። የምር ነው አለ። ባለፈውም የምር ነው ብለህ ነበር አሉት።

«ጋሼ፣ አባቴ ይሙት፤ የምር ነው።»

«እሺ። ምን ልበል?»

የሚባለውን ሊነግራቸው አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ባለፈው ወር «አባትሽ ተጨንቋል፣ ይሄ ጨዋታ አይደለም» በሉ ብሎ ቃል በቃል ያስጠናቸው እሱ ነው። አሁን ደግሞ ሌላ የሚባል ነገር የለም። ሽማግሌው ማጉያውን አንስተው አባትሽ ተጨንቋል፣ ይሄ ጨዋታ አይደለም አሉ። ድምፁ በተከረከመው አጥር ላይ ሄዶ፣ በድንጋይ አንበሶቹ ላይ ሄዶ፣ ተመልሶ መጣ። አንድ ቅጠል አልተንቀሳቀሰም። ሊፍት ጠጋኙ እዚያ የሆነ ቦታ ላይ ልጁ አፏን በእጇ አፍና ሳቋን ስትውጥ ታየው። እየሳቀች ቢሆን ምንኛ ደግ ነበር።

ጫማዎቹን ያገኘችው ትልቋ ናት።

ከአጥሩ ወዲያ ካለው ኩሬ ጠርዝ ላይ፣ ጎን ለጎን፣ አፍንጫቸው ወደ ውሃው ዞሮ ተቀምጠዋል። ኩሬው በአልጌ አረንጓዴ ነው፤ ከጠርዙ አንድ ክንድ ወዲያ ወለሉ አይታይም። ዘበኛው ጫማዎቹን አዩ፤ ከዚያ ሊፍት ጠጋኙን አዩት፤ ከዚያ ማጉያቸውን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡት። ስልካቸውን አውጥተው ለነፍስ አድን ሠራተኞች ሲደውሉ ጀርባቸውን ሰጥተውት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር።

«አባዬ» አለች ትልቋ። «ጠጠሩ ያጋልጣል፣ ስትደበቁ ጫማ አውልቁ ያልከን አንተ ነህ እኮ።»

ነበረ። ብሏል። ሊያጽናናው የሚገባ ነገር ነበር፤ አላጽናናውም። እግሯን አራቁቶ ወደዚህ የላካት እሱ መሆኑን ብቻ ነው የሰማው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በእሱ ደረሰ፤ የልጅ ሳቅ አገኝ ብሎ ልጂቱን።

ስልኩን ለትልቋ ሰጥቶ ከነልብሱ ገባ። ውሃው እስከ ደረቱ ነው፤ ለእሱ ደረት የሆነ ውሃ ለእሷ ቁመት ምን እንደሚሆን ላለማሰብ እየታገለ ጭቃውን በእግሩ ዳበሰ፣ ጎንበስ ብሎ በእጁ ዳበሰ። ዘበኛው ቅጠል በሚሰበስቡበት ረጅም ሬክ ከጠርዝ ሆነው ከሥር ከሥሩ ይስባሉ። ሬኩ የሆነ ነገር በያዘ ቁጥር ሁለቱም ይቆማሉ። ቅርንጫፍ ነበር። የፕላስቲክ ጠርሙስ ነበር። የአንድ ሰው ኮፍያ ነበር፤ ይህን ሲያዩ ሽማግሌው «የትልቅ ሰው ነው» አሉ ቶሎ ብለው። ሌላ ጊዜ ለማንም ኮፍያ እንዲህ አይቸኩሉም።

ትልቋ ጫማዎቹን ደረቷ ላይ ታቅፋ ቆማለች። ከእንግዲህ የምታነበው ጽሑፍ የለም። «እማዬ ትጥራት» አለች። «እሷ ብቻ ናት ዋሽታት የማታውቀው።»

ይህን እሱም ጫማዎቹን ካየ ጀምሮ ያውቀዋል። አውቆም ነው ውሃው ውስጥ የሚንከላወሰው፤ ከስልኩ ይልቅ ጭቃው ይሻል ነበር። በረጠበ እጁ ስልኩን ከትልቋ ተቀብሎ ደወለ።

«አቤት» አለች ሚስቱ። ከኋላዋ ማሽን ያንጎራጉራል።

«ፌንጣ ተደብቃለች።»

«እና ፈልጋት።»

«ጠራኋት። አልወጣም አለች። ደወሉ ከተደወለ ቆየ።» የሚቀጥለውን ለመናገር ሁለቴ ሞከረ። «ጫማዋ ኩሬው ዳር ነው።»

ትሰድበኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ስድቡን እንደ እርዳታ ጠበቀው። አልሰደበችውም። «መጣሁ» ብላ ዘጋችው።

ከውሃው ወጥቶ በኩሬው ጠርዝ ላይ፣ ከአንዱ ትልቅ የአበባ ጋን ሥር ተቀመጠ። በዚያ በኩል እንዲህ ያሉ የሸክላ ጋኖች ከሰው ደረት የሚበልጡ ተደርድረዋል። ዘበኛው ሲፈልጉ በእጃቸው መታ መታ አድርገዋቸው፣ እነዚህ አፈር ሞልተዋል ብለው አልፈዋል። ሊፍት ጠጋኙ እዚያ ሆኖ አለቀሰ። አባት ልጅ ፊት የሚያለቅሰው ዓይነት አልነበረም፤ ንፍጡን መጥረግ የረሳ፣ ድምፁ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ የሆነ ለቅሶ ነው። የፌንጣን ስም ጠራ፣ የእውነት ስሟን ጠራ፣ ሕፃን ሳለች እሱ ብቻ የሚላትን ጠራ። ውጪና ምቺኝ አለ። ከእንግዲህ አልጫወትም አለ። ትልቋ ልታቅፈው እጇን ዘረጋችና፣ ውሃ ስለሆነ ይሁን ስለፈራችው፣ መልሳ ሰበሰበችው። ሽማግሌው ሬካቸውን ተደግፈው ወደ ሰማይ አዩ።

እንባው ሲያልቅ ሚስቱ ነጭ ካፖርቷን እንደ ለበሰች በጠጠሩ መንገድ መጣች። በአጠገቡ አለፈች። ቆመችና ኩሬውን አየች፤ ትልቋ ያቀፈችውን ጫማ አየች፤ የአንዱን የድንጋይ አንበሳ ጭንቅላት ያዘች። ከዚያ ድምጿን ሳታነሳ፣ ለእራት እንደምትጣራ ሁሉ፣

«ፌንጣ፣ እኔ ነኝ። ነይ ውጪ» አለች።

ሊፍት ጠጋኙ ትንፋሹን ያዘ። የእሷም ጥሪ ካልሠራ ከእንግዲህ የሚጠራት ሰው የለም።

ከራስጌው ሸክላ ተፋተገ። እጅ ወጣ፣ አፈር የለበሰ ፀጉር ወጣ፣ ከዚያ ረጅም እግር በጋኑ አፍ ተንጠለጠለ። ከተደረደሩት ጋኖች አንዱ ለአዲስ ተከላ ባዶውን ነበር፤ ከግርጌው በኩል ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ አለው፤ ፌንጣ በዚያች ቀዳዳ ሁሉን ስታይ ውላለች። እናትየው ሮጣ አወረደቻት፤ ደረቷ ላይ ለጥፋ አገላብጣ አየቻት፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነካካች። ትልቋ የያዘችውን ጫማ ጥላ አለቀሰች።

ሊፍት ጠጋኙ በጉልበቱ ተጠጋ።

ፌንጣ በእናቷ ትከሻ ላይ ሆና ከላይ እስከ ታች አየችው፤ አልጌውን፣ ጭቃውን፣ ያበጠ ዓይኑን። ፊቷ በአድናቆት በራ።

«አባዬ፣ የዛሬው ለቅሶ ከሁሉም ይበልጣል» አለች። «ልወጣ ምንም አልቀረኝም ነበር እኮ። ግን አወቅሁብህ።»

ዘበኛው ነፍስ አድኖቹን አትምጡ ለማለት ስልካቸውን እየነካኩ ራቅ አሉ። ስለ በሩ መዘጋት ምንም አልተናገሩም፤ ራሳቸው ከፍተው፣ ሁሉም እስኪወጡ መዝጊያውን ይዘው ቆሙ።

አውቶቡሱ ውስጥ እናትየው ሁለቱን ልጆች ከግራና ከቀኝ አቅፋ ተቀመጠች። እሱ ውሃ ስለሚንጠባጠብ ቆመ። አንዲት ተሳፋሪ ቦርሳዋን ከእግሩ ሥር ሰበሰበች። ከአንድ ሁለት ፌርማታ በኋላ ከፌንጣ ፊት ቁጢጥ አለ።

«የእውነቴን ነው ያለቀስኩት» አላት።

ፌንጣ ዓይኑን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ፈገግ ብላ ጠቀሰችው፤ ገብቶኛል ለማለት። መልሶ እንዳልጠቀሳት ስታይ ግራ ተጋባች። ወደ እህቷ ዞረች፤ ትልቋ እውነቱን ነው ብላ በእልህ ነገረቻት፤ ፌንጣ ግን ከረሜላውን አልረሳችም። ወደ እናቷ ቀና አለች።

«እማዬ፣ የእውነቱን ነው?»

እናትየው ባሏን አየችው። የራሰ ሸሚዙን፣ ጥፍሩ ሥር የገባውን ጭቃ አየች። የምትለውን ለመምረጥ ጊዜ ወሰደች፤ ልታዝንለት የፈለገች ትመስል ነበር።

«እኔ ስደርስ ጨርሶ ነበር» አለች በመጨረሻ። «አላየሁም።»

ፌንጣ ራሷን ነቀነቀች። እንዲህ ያለ መልስ ይገባታል። ጭንቅላቷን በእናቷ ክንድ ላይ ጥላ ዓይኗን ከደነች።

ሊፍት ጠጋኙ ተነስቶ የላይኛውን ብረት ያዘ። እንባው እንደገና መጣ። ግን ፌንጣ አንድ ዓይኗን በጥቂቱ ገልጣ ከታች እያየችው ነበርና፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ ዋጠው።